ቅሬ የሌላት ጎረቤቴ

ባለፈው ዓመት ከአንድ የቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ድርጅት አንዲት ወጣት ወደ ቤቴ መጣች። ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ "እማማ፣ በዚህ ሰፈር ከሁሉ የባሰ ችግረኛ ማን ነው? እርስዎ ያውቃሉ ብለውኝ ነው" አለችኝ። ተቀምጬ ነበር፤ ተነሣሁ። የስም ዝርዝር ሳይ መቀመጥ አልችልም። የልጅ ልጆቼ፣ "አያታችን ወረቀት ስታይ እግሯን ይበላታል" እያሉ ይስቁብኛል።

"መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ" አልኳት። "እስካሁን የጻፍሽውን ስም የሰጠሽ ማነው?"

"የቅሬው ሽማግሌዎች ናቸው።"

በትሬን አንስቼ "ተነሺ፣ እንሂድ" አልኳት። ወዴት እንደምንሄድና ለምን እንደምንሄድ መንገድ ላይ ነገርኳት። እዚህ የምጽፈው ያንኑ ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ነው። ፊደሉ ቢጣመም አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ ነገሩን ግን አላጣምመውም።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ይቆፍራል፣ ይሸከማል፣ ሐዘንተኛውን ያበላል። በእኛ በመካነ ሰላም እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ነው፤ የቄሱን እናት ሼሁ ይሸከማሉ፣ የሼሁን ወንድም ቄሱ ይሸኛሉ። በዚህ እንኮራለን፤ መኩራትም ይገባናል። ቅሬ የሌለው ሰው ግን እሳት የሚሰጠው የለም፣ ሞቶም የሚያነሳው የለም። ከቅሬ መውጣት ከሞት የከፋ ነው እየተባልን ነው ያደግነው።

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው በመጣው የርሃብ ዓመት በልጉ ጨርሶ ቀረ፤ ክረምቱም ገባ ሲባል ወጣ። ባሌ እህል ፍለጋ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ሄደ። "በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ" ብሎኝ ነበር፤ ሁለት ወር አለፈ። ቤት ውስጥ አማቴ፣ ሁለት ልጆቼና እኔ ቀረን። በየቀኑ ጠዋት ወደ ቆላው የሚያሳየው ገደል አፋፍ ድረስ እሄድና የሚወጣውን መንገደኛ አያለሁ። እመለሳለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ እሄዳለሁ። ቁጭ ስል ረሃቡ ይሰማኛል፣ ስሄድ ይረሳኛል። ከማሻ በኩልም ከአቀስታ በኩልም ሰው በመንገዱ ላይ ይፈስ ነበር፤ ሁሉም ወደሚሻልበት እየሄደ፣ የሚሻልበትን ግን ያየ የለም።

ከቤታችን በታች ወንዙ ዳር ሦስት የጠይብ ቤቶች ነበሩ። አንደኛው የአንዲት ሸክላ ሠሪ ነው። ባሏ ሞቷል፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ዕድሜዋ ከእኔ በአሥር ዓመት ይበልጣል፤ እኔ ግን "አንቺ" ነበር የምላት፤ ሁሉም "አንቺ" ነው የሚላት። ቡዳ ናት ይባላል። ልጅ ሲታመም ስሟ ይነሳል፤ ልጁ ሲድን ግን አይነሳም። በዚያ ዓመት ድስቶቿን ተሸክማ ወደ ገበያ ትወጣና ያንኑ ተሸክማ ትወርዳለች። የሚቀቀል ሳይኖር ድስት ማን ይገዛል?

በራችን ላይ፣ ከመቀመጫው ድንጋይ ሥር፣ አንዲት ገል ነበረች። አማቴ ናቸው ያስቀመጧት። ሸክላ ሠሪዋ ስታልፍ ውሃ ከጠየቀች በዚያች ገል እንሰጣታለን፤ ጠጥታ እዚያው ትመልሳታለች። ውሃው ያለበትን እንስራ የሠራችው እሷ ናት። እኛ የምንጠጣበትን ዋንጫም የሠራችው እሷ ናት። እኔ ገበያ ላይ ቁና ጎደለ ብዬ ከነጋዴ ጋር የምተናነቀው ሴት፣ ይህን አንድ ቀን እንኳ ግፍ ነው ብዬ አላሰብኩም።

አንድ ጊዜ ጠጥታ ስትጨርስ ገሏን ገልብጣ አየቻት። "ይቺን አውቃታለሁ" አለችኝ። "ለሠርግሽ የሸጥኩልሽ ድስት ናት። ሠራኋት እንጂ እኔ አልሰበርኳትም።" ሳቀችና ወደ ታች ወረደች። እኔም ሳቅሁ።

አማቴ በኅዳር ሞቱ። ቅሬው ተጠራ፤ የመጡት አራት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሌላው ወይ ተሰዷል ወይ ከመደቡ መነሣት አልቻለም። የቅሬው ዳኛም ታመው ተኝተው ነበር። አራቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መቆፈር ጀመሩ። መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቋል። እስከ ጉልበታቸው ቆፈሩና ተቀመጡ፤ አንደኛው ያስለው ነበር። ፀሐዩ እየበረታ ሄደ፤ ሬሳው ጥላ ሥር ነው። እኔ ከሬሳው ወደ ጉድጓዱ፣ ከጉድጓዱ ወደ ሬሳው እመላለሳለሁ።

ሸክላ ሠሪዋ የሸክላ አፈር የምታወጣበትን መቆፈሪያ ይዛ ከትልቋ ልጇ ጋር በቅጽሩ በር ገባች። ማንንም አልጠየቀችም። ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ቆፈረች። ከልጅነቷ ጀምሮ መሬት ስትቆፍር የኖረች ናት፤ የት ሲመቱት እንደሚሰነጠቅ ታውቃለች። ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያላየ አልፈቀደም፣ አልከለከለምም። ጨርሳ ወጣች፤ ልጇ እጇን ይዛ ሳበቻት፤ አፈሯን አራግፈው ሄዱ። ወንዶቹ አማቴን ቀበሩ። "እግዜር ይስጥልኝ" ያላት ሰው የለም። እኔም አላልኳትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የአንድ የሃይማኖት ድርጅት ሰዎች ስንዴ ጭነው ከደሴ መጡ። መሪያቸው ነጭ ሻሽ የምታስር ሲስተር ነበረች። አበሻ ናት፤ ድምጿ ቀጭን ነው፣ ንግግሯ ግን ይሰማል። ገበያው መሐል ቆማ፣ "እስላም ክርስቲያን አንልም፣ ዘመድ ባዳ አንልም። ሰው በድህነቱ ላይ መገፋት አይጨመርበት። ማንም እንዳይቀር ስም ጻፉልን" አለች። ሕዝቡ መረቃት። ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀን ተቀምጠው ጻፉ። ዝርዝሩ ስንዴው በተከማቸበት ክፍል በር ላይ ተለጠፈ፤ እደላው በማግስቱ ጠዋት ነው ተባለ።

ማንበብ የምንችል ሴቶች ጥቂት ነበርን፤ ለጎረቤቶቼ ስማቸውን እየፈለግሁ አነበብኩላቸው። የእኔም አለ። ወደ ታች ወረድኩ፤ የሸክላ ሠሪዋ የለም። እንደገና ከላይ ጀመርኩ። የሦስቱም ቤቶች የለም። ተረስቷል ብዬ ወደ ቅሬው ዳኛ ቤት ሄድኩ።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ እስላም ናቸው። የራሳቸውን የገብስ ጉድጓድ ከፍተው ለቅሬው አካፍለዋል፤ የታመሙትም እሳቸው እየተራቡ ሌላውን ሲያበሉ ነው። ድነው በራቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

"አባቴ፣ ዝርዝሩ ላይ የቀረ አለ" አልኳቸው።

"ወላሂ አንድም ሰው አልቀረም። ቤት ለቤት እያሰብን ነው የጻፍነው። ከአቀስታ የመጡትን ስደተኞች እንኳ አስገብተናል።"

"ሸክላ ሠሪዋስ?"

አዩኝ። የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም፤ የሚያፍር ሰው ፊትም አልነበረም። "ሰው ያልሽኝ መስሎኝ" አሉ።

ከአፋቸው ከወጣ በኋላ እሳቸውም የሰሙት መሰለኝ፤ መቁጠሪያው ቆመ። "እንዲያው፣ ቅሬ የላትም ማለቴ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ቅሬ የሌለውን በየት ገብተን እንጻፈው? ስም የምናውቀው በቅሬ ነው። ደግሞ ብናስገባትስ ከቡዳ ጋር አንድ ሰልፍ የሚቆም ማነው? ሕዝቡ ይበተናል። አብሽሪ ልጄ፤ ከተረፈ እንሰጣታለን።"

"ከተራበ ሰው ምን ይተርፋል?"

"ባልሽ የለም፤ ሁለት ልጅ ይዘሻል" አሉኝ። "በዚህ ዘመን የራስሽን ቅሬ ጠብቂ።"

ምክርም ነበር፣ ማስፈራሪያም ነበር። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ልጆቼን አየሁ፤ መግባት አልቻልኩም። ተመልሼ ወደ ሲስተር ሄድኩ። እህሉ ክፍል ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች።

"ማንም አይቅር ብለው ነበር። ቀርቷል" አልኳት።

ነገርኳት። ሰማችና እስክሪብቶዋን አገላበጠች። "እህቴ፣ ስሙን የሰጡን የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። እኛ እንግዳ ነን። በሽማግሌ ላይ መዳኘት አንችልም።"

"እንግዳማ የሰጡትን ይበላል። እናንተ የመጣችሁት ልታበሉ ነው።"

የምትጽፍበትን ደብተር ከደነችው። የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ግን ተነሣችና "ቤታቸው የት ነው?" አለችኝ። ለዚያች ሴት "ቤታቸው" ሲባል ጆሮዬ የዚያን ዕለት መስማቱ ነው።

ስንወርድ ሸክላ ሠሪዋ በሯ ላይ ነበረች። ትንሿ ልጇ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ እግሯ አብጧል። ሲስተር ቁርጭምጭሚቷን በጣቷ ጫን አደረገችው፤ ሥጋው ጎድጉዶ ቀረ። "ይቺ ልጅ የነገው ስንዴ ካመለጣት የሚቀጥለውን አትጠብቅም" አለችኝ በዝግታ።

ሸክላ ሠሪዋ ለእንግዳ የምታቀርበው ውሃ ብቻ ነበራት። በአዲስ ዋንጫ ቀድታ ለሲስተር ሰጠች፤ ሲስተር ጠጣች። ሌላ ዋንጫ ቀድታ ለእኔ ዘረጋች። እጄ አልተነሣም። ለዚያች ሴት ስል ከዳኛ ጋር ተጣልቼ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ግን አልተነሣም።

"አይ አንቺ ልጅ" አለችኝ፣ ዋንጫውን እንደያዘች። "ሰው የምበላ ብሆን በዚህ ዘመን እንዲህ እከሳ ነበር? ሬሳው በየመንገዱ ነው።" ውሃውን ራሷ ጠጣችው።

ሽቅብ ስንወጣ ሲስተር "ለምን አልጠጣሽም?" አለችኝ።

"አልጠማኝም" አልኳት።

ሲስተር ከዚያው ወደ ዳኛው ቤት ሄደች፤ ከዚያም ወደ ቄሱ። ሁለቱም በክብር ተቀበሏት፤ ሁለቱም "ነገ እናየዋለን" አሏት። ነገ ደግሞ እደላው ነው።

ጠዋት ሕዝቡ በሩን ሞላው። ሲስተር ቁልፉን በእጇ ይዛ ደረጃው ላይ ቆመች። "ከወንዙ ዳር ያሉት ሦስት ቤቶች አልተጻፉም። እኛ የመጣነው የተገፋውን የባሰ ልንገፋው አይደለም። እነሱ ሳይጻፉ ይህን በር ብከፍት የምሰብከውን እየካድኩ ነው" አለች። ጉምጉምታ ተነሣ። "በቡዳ ምክንያት ልጆቻችን ሊያልቁ ነው?" አለ አንዱ። "ይህን ያመጣች እሷ ናት" ብለው ወደ እኔ አሳዩ። አንዲት የማውቃት ሴት ከኋላዬ፣ "ባሏ ጎጃም የቀረው ምላሷን ፈርቶ ነው" አለች፤ የሳቀም ነበር።

ሁለቱ ልጆቼ ቀሚሴን ይዘዋል። ትንሹ፣ "እናቴ፣ በሩን ለምን አይከፍቱትም?" ይለኛል። ያን ጊዜ ፈራሁ። ለሦስት ቤት ስል የሕዝብ ስንዴ ማስቆሜ ፍርድ ነው ወይስ ግትርነት? መልሱን አላውቀውም ነበር። እግሬ ግን ወደ ፊት ሄደ፤ ዳኛው ፊት ቆምኩ። ሴት በቅሬ ሸንጎ አትናገርም፤ ነገር ግን ባሌ በሌለበት ቤቱን የምወክል እኔ ነኝ።

"አባቴ፣ የቅሬያችን ሕግ ምን ይላል? ቅሬተኛ ማነው?"

"ይህ ምን ጥያቄ ነው? በሐዘን ቀን የደረሰ፣ የቆፈረ፣ የተሸከመ ነው። ያልቆፈረ ይወጣል።"

"የአማቴን ጉድጓድ ማን ቆፈረው?"

ዳኛው የዚያን ዕለት ታመው ስለነበር ወደ አራቱ ሰዎች ዞሩ። ሦስቱ አጎነበሱ። ያ የሚያስለው ሰው ግን ሳሉ እስኪለቀው ጠብቆ፣ "እስከ ጉልበት የእኛ ነው" አለ። "ከጉልበት በታች የእሷ ነው።"

"ሴት? ያውም ጠይብ? ቅጽር ውስጥ?" አለ አንድ ድምፅ። ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ።

ዳኛው መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ፣ "ሕጉን ያወጣን እኛ ነን፤ የረሳነውም እኛ ነን" አሉ። "ጻፏት።" "ከእሷ ጋር የሚሰለፍ የለም" ያለ ነበር። ዳኛው ዘንጋቸውን አንስተው ሸክላ ሠሪዋ ርቃ ወደቆመችበት ሄዱ። "ነይ፣ ቅደሚ" አሏትና ከኋላዋ ቆሙ። እሳቸው ከቆሙ በኋላ ሌላው ምን ይላል? ሰልፉ ተሠራ።

አሸነፍኩ ብዬ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ግን ደረጃው ጋ ስትደርስ ስንዴውን ከመቀበሏ በፊት ቆመች።

"ቆፍራለች ብላችሁ ነው የጻፋችሁኝ" አለች። "እሺ። ይቺ ትንሿ ልጄ አልቆፈረችም፤ እሷስ አትብላ? ጎረቤቶቼም አልቆፈሩም። እነሱን በምን ትጽፏቸዋላችሁ? ቄስ ሞቶ እስኪቆፍሩለት ይጠብቁ?"

ማንም አልሳቀም። እሷ ትንሽ ፈገግ አለች እንጂ። ያ ነገር እኔን ነው የመታኝ። እኔ ባለውለታ ናትና ትብላ አልኩ እንጂ ተርባለችና ትብላ አላልኩም። ብልሃቴ አንድ ቤት አስገብቶ ሁለቱን ውጭ አስቀርቷቸው ነበር። ሲስተር ወረቀቱን ከበሩ ላይ ገንጥላ አጠፈችው። "ሦስቱም ይጻፉ፤ ከእንግዲህም በቅሬ አንጽፍም" አለች። "ከወንዙ ጀምረን ቤት ለቤት እንሄዳለን።" በሚቀጥለውም ጊዜ እንዳለችው አደረገች። ደሴ ላሉት አለቆቿም ይህንኑ ጽፋ ላከች፤ ሌላ አገርም እንዲሁ እንዲደረግ ስትሟገት ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሸክላ ሠሪዋ ስንዴዋን ወሰደች። ዳኛው "ቅሬ ግቢ" አሏት። "እሱ ይቆይልኝ" አለቻቸው። የትንሿ ልጅ እግር እብጠቱ ከሳምንታት በኋላ ጎደለ።

እኔ የዚያን ዕለት ቤቴ ስደርስ ገሏን አንስቼ ወደ ገደሉ ወረወርኳት። ሸክላ ሠሪዋ በበራችን ስታልፍ ጠብቄ በምንጠጣበት ዋንጫ ውሃ አወጣሁላት። ዋንጫውን አየችው፤ ድንጋዩ ሥር ያለውን ባዶ ቦታም አየችው።

"አልጠማኝም" አለችኝ፤ አለፈች። ሲስተር ነግራት ይሁን ራሷ አውቃ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። በሚቀጥለውም ቀን አልጠማትም፤ በሚቀጥለውም ወር።

ባሌ በመጨረሻ ተመለሰ፤ ከስቶ፣ ግማሽ ቁና በቆሎ ይዞ። ከዚያ ንጉሡ ወረዱ ተባለ፤ የዘመቻ ተማሪዎች መጡ፤ መሬት ተከፋፈለ። ተማሪዎቹ "ከእንግዲህ ቡዳ የሚባል የለም፣ ሁሉም እኩል ነው" ብለው ሰበሰቡን። ሸክላ ሠሪዋ ቤት ግን ገብቶ ውሃ የጠጣ አላየሁም። ቢሆንም ለእሷም መሬት ደረሳት፤ በዕጣ ከእኔ ማሳ ጋር በድንበር ተገናኘን። ሁለት ክረምት እሷ በዚያ እኔ በዚህ አረምን፤ ከሰላምታ በቀር አንነጋገርም። ሦስተኛው ክረምት ላይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐዩ ሲያቃጥል ቅሌን አንስቼ ጠጣሁ።

"ውሃው ተርፎሻል?" አለች፣ ከአረሙ ቀና ሳትል።

"አለ፣ እትዬ" አልኳት። "እትዬ" ያልኳት ያን ጊዜ ነው።

ቅሉን በድንበሩ ላይ አሻገርኩላት። አፉን ሳትጠርግ ጠጣች፤ መለሰችልኝ። እኔም ሳልጠርግ ጠጣሁ። ወደ አረማችን ተመለስን።

ይህን ነበር ለወጣቷ የነገርኳት። ወንዙ ዳር ስንደርስ ዛሬም ሦስት ቤቶች አሉ፤ ከወረቀቷ ላይ ፈለገቻቸው፣ አላገኘቻቸውም። ያች እግሯ ያበጠው ልጅ ዛሬ እንደ እኔው አያት ናት። ወጥታ ሳመችኝና መቀመጫ ጎተተችልኝ፤ በእናቷ እጅ በተሠራ ዋንጫም ውሃ ሰጠችኝ። ወጣቷ እስክሪብቶዋን አውጥታ "ስምዎን ማን ልበል?" አለቻት።

ውሃውን ቆሜ ጠጣሁ። ሦስተኛው ቤት እስኪጻፍ ድረስ አልተቀመጥኩም።